ዴዚን ማን ጠየቃት? «ጋትስቢ ልክ ነበር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ድሬ መጽሐፍ በምናነብ ሰዎች መሃል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ርዕሱ «ጋትስቢ ልክ ነበር» ይላል። የጻፈው የከተማችን ልጅ ነው። ብዕሩ ጥሩ ነው፣ አንዴ ከጀመሩት አያስቀምጥም። ሐሳቡ ግን አንገበገበኝ፣ ዝም ብዬ ማለፍም አልቻልኩም። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ ይኸው። በታላላቆቹ ልቦለዶች ውስጥ በድህነቱ ፍቅሩን ያጣ ወንድ ሀብት አፍርቶ መመለሱ ትልቁ የፍቅር ማስረጃ ነው ይላል ጽሑፉ። የአሜሪካዊው ደራሲ የፊትዝጄራልድ ልቦለድ ጀግና ጋትስቢ ሀብታም ሆኖ ተመለሰ፣ የሚወዳት ዴዚ ከዳችው። የኤሚሊ ብሮንቴው ሂትክሊፍ ተመለሰ፣ ግን ዘገየ። የዱማው የሞንቴ ክሪስቶ ሰው ተመለሰ፣ እጮኛው ሜርሴዴስ አልጠበቀችውም። የጄን ኦስተኑ ካፒቴን ዌንትወርዝ ተመለሰ፣ ተሳካለት። የእኛው በዛብህ ደግሞ ገንዘብ ቢኖረው ኖሮ ሰብለን ያገባት ነበር። መጨረሻ ላይ ለድሬ ወጣቶች ምክር አለ፦ መጀመሪያ ብር ሥራ፣ ከዚያ ሄደህ የጥንት ፍቅርህን አስመልስ።

ወንድሜ፣ በዚህ ሁሉ ጽሑፍህ ውስጥ ሴቶቹ ራሳቸው ምን እንዳሉ አንድም ቦታ አላሰፈርክም። መጻሕፍቱ ግን አስፍረውታል። የምጣላህ በዚህ ነው። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው፣ ሐዲስ ዓለማየሁ ጋ ስንደርስ ብቻ በእኛ።)

«ድሃ ስለነበረ ተወችው» ብለህ ጀምረሃል።

እስቲ መጽሐፉን እንግለጠው። ጊዜው 1917 ነው። ጋትስቢ ሉዊቪል የምትባል የአሜሪካ ከተማ አጠገብ ካለ የጦር ካምፕ የነበረ ወጣት መኮንን ነው። ከደንብ ልብሱ በቀር ምንም አልነበረውም። ዴዚ የደህና ቤት ልጅ ናት። ግን ድሃ መሆኑን አላወቀችም! እሱ ራሱ የእሷ ቢጤ የሆነ ቤተሰብ ልጅ እንዲመስላት አድርጓል፣ ሊያኖራት የሚችል ሰው መስሏት ነው የወደደችው። ይህን ተራኪው ኒክ ሳይሸፋፍን ይነግረናል። ታዲያ ባላወቀችው ድህነት እንዴት ነው የተወችው?

የሆነው እንዲህ ነው። ጦርነቱ አለቀ፣ እሱ ግን አልመጣም። በአንድ ዓይነት ምስቅልቅል ወደ ኦክስፎርድ ላኩት። የዴዚ ደብዳቤዎች ጭንቀት ይታይባቸው ጀመር። ለምን መምጣት እንዳቃተው አልገባትም፤ በዙሪያዋ ያለው ዓለም ሁሉ እየገፋት ነበር፣ አጠገቧ ሆኖ ልክ ነሽ የሚላት ሰው ፈልጋ ነበር፣ ሕይወቷም መልክ እንዲይዝ የፈለገችው አሁኑኑ ነበር። በዚህ መሃል ቶም ቡካናን የሚባል የቺካጎ ሀብታም መጣ።

አሁን አንተ የዘለልከውን ገጽ ልንገርህ። ጊዜው ሰኔ 1919 ነው፣ የሠርጉ ዋዜማ። ቶም 350,000 ዶላር የሚገመት የዕንቁ ሐብል ሰጥቷታል። ለሙሽሪት እራት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ጓደኛዋ ጆርዳን ክፍሏ ስትገባ ዴዚ አልጋ ላይ ተዘርራ ታገኛታለች፣ ሰክራለች። በአንድ እጇ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ በሌላው ደብዳቤ ይዛለች። ሐብሉን አልጋው ላይ ካለው የቆሻሻ ቅርጫት አውጥታ ውሰዱና ለባለቤቱ መልሱለት፣ ዴዚ ሐሳቧን ቀይራለች በሏቸው ትላለች። ከዚያ ለቅሶ ነው። ጆርዳንና የእናቷ የቤት ሠራተኛ በሩን ቆልፈው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይከቷታል። ደብዳቤውን አልለቅም አለች። ገንዳው ውስጥ ይዛው ገባች፣ ጨምቃ ጨምቃ እርጥብ ድቡልቡል አደረገችው፣ እንደ በረዶ እየተበጣጠሰ መሆኑን ስታይ ብቻ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ እንዲያኖሩላት ፈቀደች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከክፍሉ ሲወጡ ዕንቁው አንገቷ ላይ ነበር። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ቶምን አገባች።

ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ጆርዳን አትናገርም። አንባቢ ግን ያውቃል።

እዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት ነገር አለ፣ ያ ሁሉ ዶላር እና አንድ ወረቀት። ቅርጫት ውስጥ የገባው ዕንቁው ነው። በእጇ የቀረው ወረቀቱ። ያን ዕለት ማታ ዴዚ ሐሳቧን በአፏ ተናግራለች፣ አንድ ሰው እንኳ ቁጭ ብሎ «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አልጠየቃትም፣ አሞኒያ አሸተቷት፣ በረዶ ግንባሯ ላይ አኖሩላት፣ ቀሚሷን ቆለፉላትና ወደ እራቱ ላኳት። አንተም ከመቶ ዓመት በኋላ ያደረግከው ይህንኑ ነው።

ቀጥለህ «ዴዚ ከዳችው» ትላለህ።

ይህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጋትስቢ አሜሪካ መጠጥ በከለከለችበት ዘመን በድብቅ አልኮል እየሸጠ ሀብታም ሆነ። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ከዴዚ ቤት ፊት ለፊት ግዙፍ ቤት ገዛ። በየሳምንቱ ድግስ ደገሰ፣ አንድ ቀን ብቅ ትል ይሆናል ብሎ። ዘመዷ ኒክ ለሻይ ጠርቶ ባያገናኛቸው ኖሮ ሲደግስ ይኖር ነበር። አስበው እስቲ። ባሕረ ሰላጤውን ዞሮ በሯን ማንኳኳት ይችል ነበር። ደብዳቤም መጻፍ ይችል ነበር። ግን የተመሰገነበትን ቤት እንድታይለት ፈለገ።

አየችው። ከእንግሊዝ አገር የሚያስመጣቸውን ሸሚዞች አንድ በአንድ እያነሳ ወረወረላት፣ እሷም ሸሚዞቹ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። አንተ «ያለቀሰችው ለሀብቱ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያነበዋል። እኔ ግን ደብዳቤ ይዛ ውሃ ውስጥ የገባችውን ልጅ ካየሁ በኋላ እንደዚያ ላነበው አልችልም። አምስት ዓመት አልፏል፣ ባል አላት፣ ልጅ አላት፣ እና ይኸው ሰውዬው ሸሚዝ እያሳያት ነው።

ስለ ልጇም አንድም ቃል አላልክም። ፓሚ ትባላለች። ሞግዚቷ ስታመጣት ጋትስቢ በመገረም አፍጥጦ ያያታል፣ ከዚያ በፊት ልጅቱ በእርግጥ መኖሯን ያመነ አይመስለኝም ይላል ኒክ። ለእኔ የመጽሐፉ ቁልፍ ይህ ነው። በእሱ ሐሳብ ውስጥ እነዚያ አምስት ዓመታት አልነበሩም። ገንዘቡ የተሠራው እነሱን ለመሰረዝ ነው።

ከዚያ ኒው ዮርክ፣ ፕላዛ ሆቴል፣ ያ እንፋሎት የሆነ ከሰዓት በኋላ። (የድሬን ሚያዝያ የሚያውቅ ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ ያለውን መተፋፈን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።) ጋትስቢ ለቶም «በፍጹም አልወደድኩህም» ብላ እንድትነግረው ይጠይቃታል። እሷ ሞከረች። አልቻለችም። ያኔ ያለችው ግልጽ ነው። በጣም ብዙ ነው የምትፈልገው አለችው፣ አሁን እወድሃለሁ፣ ይህ አይበቃህም? ያለፈውን ምን ላድርገው? አንድ ጊዜ እሱንም ወድጄዋለሁ፣ አንተንም ወድጄሃለሁ።

ይህ ክህደት ነው? በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ንግግሮች ሁሉ ሐቀኛው ይህ ነው። ሴትየዋ አሁን የምትወደውን ሰው እንደምትወደው ነግራዋለች። ፍቅሯን ማግኘት ይችል ነበር፣ የጠየቀው ግን ያንን አልነበረም።

እዚያው ክፍል ውስጥ ቶም ስለ ጋትስቢ ሀብት ምንጭ ያፈርጠዋል። እንደ መድኃኒት ቤት በተከፈቱ ሱቆች በኩል አልኮል እንደሚሸጥ ይናገራል። ጋትስቢ ማስተባበል ሲጀምር እሷ ወደ ራሷ እየተሸበለለች ትሄዳለች። እንግዲህ ተመልከት፣ ሊያመጣት የሠራው ገንዘብ በዚያች ሰዓት ያስፈራት ነገር ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አልሸፍንላትም። መኪናውን ስትነዳ የነበረችው እሷ ናት፣ የቶም ውሽማ ሜርትል ተገጭታ የሞተችው በእሷ እጅ ነው፣ ጥፋቱን ጋትስቢ ሲሸከም ዝም አለች፣ እሱ ተገድሎ ሲቀበር አበባ እንኳ አልላከችም። ይህ ክፉ ሥራ ነው። ስለዚህ ከጠላሃት በዚህ ጥላት፣ እኔም አብሬህ ነኝ። ግን ፍቅሩ ያበቃው ከመኪናው በፊት ሆቴሉ ውስጥ ነው፣ ያበቃበትንም ምክንያት ለይተን እንወቅ።

ሦስተኛው ነጥብህ ደራሲው ነው። ፊትዝጄራልድ ራሱ እጮኛውን ያስመለሰው በገንዘብ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ እንደሚሠራ ያውቃል ትላለህ።

መጀመሪያው እውነት ነው። ዜልዳ በ1919 እጮኝነቱን አፈረሰች፣ ፊትዝጄራልድ ያኔ ኒው ዮርክ ማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በትንሽ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ልቦለዱ በመጋቢት 1920 ወጣ፣ ተሸጠ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ተጋቡ። እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ግን ሰውዬው ይህን ድል እንዴት እንደኖረው ራሱ ጽፎታል እኮ! በ1936 ባሳተመው ድርሰት ውስጥ፣ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም እያንሿሿ ከዓመት በኋላ ልጅቱን ያገባው ሰው ለሀብታሞች የማይጠፋ ጥርጣሬና ጥላቻ ይዞ ቀረ ይላል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የጓደኞቹ ገንዘብ ከየት እንደመጣ ሲያስብ፣ በአንድ ወቅት ከእነሱ አንዱ ልጅቱን ሊወስድበት ይችል እንደነበር ሲያሰላስል እንደኖረ ይናገራል። እንዲያው ልጠይቅህ፣ ይህን የጻፈ ሰው ያሸነፈ ሰው ይመስልሃል? አግብቷታል። ልቡ ግን ያችኑ 1919 ላይ ቆሞ ቀረ። ጋትስቢን በ1925 ያሳተመው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ለዚህም ነው መጽሐፉ አንተ እንደምትለው የድል ዘፈን ያልሆነው።

ሂትክሊፍ «ዘገየ» ብቻ ነው ችግሩ ብለሃል።

ኤሚሊ ብሮንቴ በ1847 ያሳተመችውን መጽሐፍ እንደገና አንብበው። የሚወዳት ካትሪን እሱን ማግባት እንደሚያዋርዳት ለቤት ሠራተኛዋ ለኔሊ ስትነግራት ሂትክሊፍ ተደብቆ ይሰማል፣ ተነስቶም ይሄዳል። ቀጥሎ ያለችውን አልሰማም። ቀጥሎ ያለችው ከራሴ በላይ እኔን እሱ ነው የሚል ነው። ሦስት ዓመት ጠፋ። ገንዘቡን ከየት እንዳመጣው መጽሐፉ አይነግረንም። ሲመለስ ካትሪን በደስታ ልትሞት ደረሰች፣ ስለ ኪሱ የጠየቀችው ነገር የለም። እውነት ነው እሷም አጥፍታለች፣ ሀብታሙን ጎረቤት ሊንተንን ስታገባ የራሷን ልብ ክዳለች፣ ሂትክሊፍም ይህንን ፊት ለፊት ይነግራታል። ግን የእሱ ገንዘብ ምን ሠራ? አንዲትም ቀን ለፍቅር አልዋለም። የካትሪንን ወንድም የሂንድሊን ቤት በቁማር ዕዳ አስይዞ ወሰደበት፣ የሊንተንን ቤት በልጆች ጋብቻ በጉልበት ጠቀለለ። ሁለቱም ቤት የእሱ ሆኖ ሞተ። ስለዘገየ አይደለም ወንድሜ። መጨረሻውን ሳይሰማ ከበር ስለተመለሰ ነው።

የዲክንስን ልቦለድ ጀግና ፒፕንም ልታነሳው ይገባ ነበር። ዲክንስ የሰጠው ሀብት የወንጀለኛ እስረኛ ስጦታ ሆኖ ተገኘ፣ ኋላም መንግሥት ወረሰው። የሚወዳት ኤስቴላ ልብ የለኝም ብላ በግልጽ ነግራዋለች፣ አልሰማትም። ልቀጥል።

ሜርሴዴስ። ስለሷ የጻፍከው አንድ መስመር ነው፦ «አልጠበቀችውም።»

እዚህ ጋ ነው ያመመኝ። የሞንቴ ክሪስቶ ሰው ያልከው ኤድሞን ዳንቴስ የማርሴይ መርከበኛ ነው። በ1815 በእጮኝነት ድግሱ ላይ ተይዞ 14 ዓመት ባሕር መሃል ባለ ወህኒ ታሰረ። የት እንደገባ ማንም አልነገራትም። ብቻዋን ነበረች። አንድ ዓመት ተኩል ጠበቀችው። ሽማግሌ አባቱን ስትጠይቅና ከእኔ ጋር ኑር እያለች ስትለምን የነበረችውም እሷ ናት። በዚያ ላይ ዳንቴስን በሐሰት ካስያዙት አንዱ የሆነው ፈርናንድ፣ እሷ ግን ይህን ሳታውቅ፣ በዓለም ላይ የቀራት አንድ ሰው ሆኖ ቀረበ። ይህችን ልጅ ነው አንተ «አልጠበቀችውም» ብለህ የዘጋሃት።

እሱ ከወህኒ ወጥቶ ደሴት ላይ የተቀበረ ሀብት አገኘ። መኳንንት መስሎ ፓሪስ ገባ። ያሰሩት ሰዎች ፊቱን እያዩ አላወቁትም። እሷ ግን ከድምፁ ለየችው። ከሁሉም መሃል እሷ ብቻ! ይህን ገጽ አንብቦ «ከዳችው» ማለት የሚችል ሰው የለም። ከዚያ ልጇን ሊገድልባት ሲል ሄዳ በድሮ ስሙ ጠርታ ለመነችው፣ ማረላት። የባሏ ጉድ ሲወጣ ደግሞ ከልጇ ጋር ሆና የዚያን ቤት ወርቅና ጌጥ ጥላ ባዶ እጇን ወጣች።

አሁን ዱማ የጻፈውን ነገር ስማ፣ ከአንተ ጋር የምጣላበት ትልቁ ማስረጃዬ ነው። ዳንቴስ ሚሊዮኖች አሉት። እንኳን ለእሷ ለፓሪስ ባንኮች የሚተርፍ ገንዘብ አለው። ለሜርሴዴስ ግን ከዚያ አንድ ሳንቲም አይሰጣትም። ለልጇ በጻፈው ደብዳቤ አንድ የቆየ ነገር ይነግረዋል፦ ከ24 ዓመት በፊት፣ ድሃ መርከበኛ ሳለ፣ እጮኛውን ሊያገባ በላቡ ያጠራቀማት 150 ሉዊ ነበረችው፣ ባሕር አታስተማምንም ብሎ ማርሴይ የአባቱ ቤት ጓሮ፣ አባቱ እሱ የተወለደ ዕለት ከተከላት የበለስ ዛፍ ሥር ቀብሯት ነበር። ያችን ቆፍራችሁ ውሰዱ አለ። ሚሊዮን ልሰጣት እችላለሁ፣ ግን ከተለያየንበት ቀን ጀምሮ በድሃ ጣሪያዬ ሥር የተረሳችውን ጥቁር እንጀራ ብቻ ነው የምሰጣት አለ። ሜርሴዴስም ተቀበለች።

አየህ? ሀብቱ ሁሉ ቀርቶ ያችን የበለስ ሥር ጥሪት ተቀበለች። ለእሷ የተጠራቀመችው ያች ናት። ሚሊዮኑ ለበቀል ነው የተገኘው፣ ለበቀልም ነው የዋለው። ዳንቴስ ራሱ ይህን አውቆታል፣ ለዚህም ነው ሚሊዮኑን ይዞ «ተመለሽልኝ» ያላላት።

ካፒቴን ዌንትወርዝን እንደ ድል ምሳሌ ማምጣትህ አስደስቶኛል፣ ምክንያቱም መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ካነበብከው አንተን ነው የሚረታህ።

ጄን ኦስተን የጻፈችው ታሪክ ነው። በ1806 አን ኤልየት ወጣቱን የባሕር ኃይል መኮንን ወደደችው፣ ገንዘብ አልነበረውም፣ እንደ እናት የምታያት ሴት ተዪው ብላ አሳመነቻት፣ እጮኝነቱ ፈረሰ። ከስምንት ዓመት በኋላ 25,000 ፓውንድ ይዞ ተመለሰ፣ የጠላት መርከብ እየማረከ ያገኘው ድርሻ ነው። አንተ «ይኸው ሀብት ሠራ» አልክ። ሀብቱ የሠራው አንድ ነገር ነው፣ የአን አባት ለሆነው ጉረኛ ባላባት ዌንትወርዝ «ማንም ያልሆነ ሰው» መሆኑ ቀረ። ይህን አልክድም፣ በዚያ ዘመን የአባት በር ተራ ነገር አልነበረም። የአንን ልብ ግን አልነካውም፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የእሱ ነበርና። እንዲያውም ሀብታም ሆኖ ሲመጣ ያደረገው እሷን ችላ ብሎ ሌሎች ልጃገረዶችን ማጫወት ነው።

ያስመለሳት ደብዳቤ ነው። ባዝ ከተማ አንድ ማረፊያ ቤት ውስጥ እሱ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፍ፣ እሷ ከጓደኛው ጋር ወንድ ነው ወይስ ሴት ረጅም የሚወድ እያሉ ሲከራከሩ ይሰማል። ጓደኛው መጻሕፍት ሁሉ ስለ ሴት መለዋወጥ ያወራሉ ሲላት፣ አን መጻሕፍትን ማስረጃ አታድርግብኝ፣ ታሪካቸውን ለመንገር ወንዶች ሁሉ ነገር ተመቻችቶላቸው ነበር፣ ብዕሩም በእጃቸው ነበር ትለዋለች። ይህ መጽሐፍ ከወጣ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፣ መልሱ ግን ለአንተ የተጻፈ ይመስላል። ዌንትወርዝ ይህን እየሰማ ወዲያው ደብዳቤ ጻፈላት፣ ነፍሴን ወጋሽው፣ ግማሼ ሥቃይ ግማሼ ተስፋ ነው ብሎ።

ግን ከዚህ የሚበልጥ አለ። ከታረቁ በኋላ ይጠይቃታል። በ1808 ጥቂት ሺህ ፓውንድ ይዤ ስመለስ ያኔ ብጽፍልሽ ኖሮ ትመልሺልኝ ነበር? እሷ የመለሰችለት በአንድ ትንፋሽ ነው፣ እንዴታ! የሚል ዓይነት መልስ። እሱም ኩራት ነው የያዘኝ፣ ደግሜ መጠየቅ አቃተኝ ብሎ ራሱን ወቀሰ። ስድስት ዓመት እኮ ነው። ከ1808 በኋላ ያገኘው ፓውንድ ሁሉ ለአን ትርፍ ነበር፣ የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሀብታም እስኪሆን ሲጠብቅ እሷ ደግሞ ፊቷ እየጠወለገ እየጠበቀችው ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን።

«በዛብህ ብር ቢኖረው ኖሮ» ትላለህ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን ፍቅር እስከ መቃብርን ያላነበበ እንኳ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ይህን አይልም። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር ነው የሚቆጥሩት። ለሰብለ የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በአጥንት እየመዘኑ ሲመልሱ ልጅቱ ዕድሜዋ አለፈ። በዛብህ የድሃ ልጅ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የቆሎ ተማሪ ነው። ከአዲስ አበባ በወርቅ ተጭኖ ቢመጣ ፊታውራሪ ወርቁን አይተው አጥንቱን ይረሱለት ነበር? ጉዱ ካሳ ያን ሁሉ የተናገረው እኮ ይህ በገንዘብ የማይገዛ አጥር ስለሆነ ነው። ደግሞስ ሰብለን ማን ያስመልሳታል? ያልሄደችውን! እንደ መነኩሴ ለብሳ ከዚያ ቤት ወጥታ፣ እሱን ፍለጋ መንገድ የገባችው እሷ አይደለችም እንዴ? በዛብህ ብር እስኪይዝ አልጠበቀችም። ይህን ገጽ እንዴት ረሳኸው?

በመጨረሻ ምክርህ። «መጀመሪያ ብር ሥራ፣ ከዚያ አስመልሳት።»

ይህን ለድሬ ልጅ መንገር ቀልድ አይደለም። ከተማችን ራሷ በ1902 ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፣ መሄድና መምጣት ነው ያሳደጋት። ወደ ጅቡቲ የሄደ፣ ባሕር ተሻግሮ ዓረብ አገር የገባ፣ በየሰፈሩ አለ። ሠርቶ መመለስን የሚቃወም ሰው የለም። እናት ይጦራል፣ ቤት ይሠራል፣ እሰየው ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው።

ሳቢያን አካባቢ የማውቃት ልጅ አለች። የሚወዳት ልጅ ዓረብ አገር ሄደ፣ «ሰው ሆኜ እመለሳለሁ» ብሎ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ። በመሃሉ አባቷ ታመው ሞቱ፣ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሽማግሌ ላከ። ቀን ነበር፣ ሙቀቱ ገና አልበረደም፣ እናትየው ቡና አቅርበዋል። አንደኛው ሽማግሌ ከኮታቸው ኪስ ቀይ ከፋይ የለበሰ ሳጥን አውጥተው ረከቦቱ አጠገብ ከፈቱት። ወርቅ ነው፣ ከባድ፣ የሚያምር። ስለ ልጁ ብዙ ተናገሩ፣ ስንት እንደተንገላታ፣ ሁሉንም ለእሷ ብሎ እንደሆነ። ልጅቱ እስኪጨርሱ ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ በትሕትና «አባባ፣ ከዚያ አገር ስልክ መደወል ስንት ብር ነው?» አለቻቸው። ሽማግሌው ሳጥኑን ከደኑት። ልጁ መጥፎ ሰው አይደለም፣ በእውነት ለእሷ ብሎ ነው የለፋው። ግን ያንን ልፋት እሷ የምታውቅበት መንገድ አልነበረም፣ አንድም ቀን አልነገራትምና፣ እሷም የራሷን አባት ስትቀብር ትከሻው አጠገቧ አልነበረም።

እዚሁ ጎረቤታችን ሐረርን ተመልከት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1880 ሐረር የገባው ለመነገድ ነው። ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ላይ ጥሪት ሳገኝ ተመልሼ አገባለሁ፣ ልጅ እወልዳለሁ፣ ልጄን መሐንዲስ አደርጋለሁ እያለ ያልማል። በ1887 ስምንት ኪሎ ያህል ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ ይዞር ነበር። በ1891 ጉልበቱ አብጦ ከሐረር በቃሬዛ ተሸክመው አወረዱት፣ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፣ እዚያው በ37 ዓመቱ ሞተ። እሱ ያጣውን ፍቅር ለማስመለስ አልነበረም የመጣው፣ ስለዚህ ከአንተ ጀግኖች ጋር አልደምረውም። ግን «መጀመሪያ ብር፣ ከዚያ ኑሮ» የሚለው ምክር አፉን ሞልቶ የሚነገርበት አገር ላይ ይህን ሰው ሳያስቡ ማለፍ ይከብደኛል።

የድሬን ልጅ የምመክረው ብሆን እንዲህ ነበር የምለው፦ አቦ፣ ሂድ፣ ሥራ፣ ግን ስትሄድ ንገራት። እዚያ ሆነህ ደውልላት። ቸግሮህ ከሆነ ቸግሮኛል በላት። ትጠብቂኛለሽ ወይ ብለህ ጠይቃት፣ አልችልም ካለችህም ያንን መልስ እንደ መልስ ተቀበለው፣ ባዶ ኪስ ስለሆንክ የተሰጠህ ስድብ አድርገህ አታስቀምጠው። ዘግይተህ ከመጣህ ደግሞ በመሃሉ የኖረችውን ኑሮ እንዳልነበረ እንድታደርግልህ አትጠይቃት። ባል አግብታ ከሆነ፣ ልጅ ወልዳ ከሆነ፣ አባት ቀብራ ከሆነ፣ እሱም የእሷ ነው።

ጽሑፍህን ስትጨርስ «ተቃውሞ ያለው ይጻፍ» ብለሃል። ጻፍኩ። ስትመልስልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ከጋትስቢ ሳይሆን ከሜርሴዴስ ጀምርልኝ፣ የበለሷን ደብዳቤ ከፊትህ አድርገህ፣ እና «አልጠበቀችውም» ያልካትን መስመር አሁንም ትጽፈው እንደሆነ ንገረኝ።